አንበጣን በትክክለኛ ስሙ የጠሩት ሰው፦ ሰር ቦሪስ ኡቫሮቭ

አንበጣ ከየት ይመጣል? በየአካባቢያችን ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ ልዩ ልዩ ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ ነው የሚል አለ፤ ከበረሃ ነው የሚል አለ፤ የፈጣሪ ቁጣ ነው ብሎ ምሕላ የሚይዝም አለ። ከዚህ ይልቅ ሰውን ሲያስቸግር የኖረው ግን ሁለተኛው ጥያቄ ነው። አንበጣ በማይመጣባቸው አምስትና ዐሥር ዓመታት የት ይከርማል? ፀሐይን እስኪጋርድ ድረስ የሚበር ፍጥረት እንዴት አንድም ሳይታይ ቆይቶ በድንገት ይመጣል?

የዚህን ጥያቄ ክብደት የ2012 ዓ.ም. የምርት ዘመን ለሁላችንም አሳይቶናል። በ2011 ዓ.ም. መጨረሻ ከየመን አቅጣጫ መግባት የጀመረው የበረሃ አንበጣ በሶማሌ፣ በኦሮሚያ፣ በአፋር፣ በአማራና በትግራይ አካባቢዎች የደረሰ ሰብልና የግጦሽ መሬት አወደመ። አርሶ አደሩ ከነልጆቹ ጅራፍ እያጮኸ፣ ቆርቆሮ እየመታ፣ ጨርቅ እያውለበለበ ከማሳው ለማባረር ቢታገልም መንጋው ከአንዱ ማሳ ተነሥቶ በጎረቤት ማሳ ላይ ከማረፍ ውጪ ለውጥ አልነበረም። መንግሥትና የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የእርሻ ድርጅት ከአጋሮቻቸው ጋር ባካሄዱት የዳሰሳ ጥናት ወደ 200 ሺህ ሄክታር የሚጠጋ የእርሻ መሬት መጎዳቱና ከ356 ሺህ ቶን በላይ እህል መጥፋቱ ታውቋል። ይህ በእኛ አለካክ ከ3 ሚሊዮን 500 ሺህ ኩንታል በላይ ነው።

ውድ አንባብያን፣ በዚህ የምሥረታ በዓል ልዩ እትማችን የሕይወት ታሪካቸውን የምናቀርብላችሁ ሰው ለሁለተኛው ጥያቄ መልስ ያገኙት ሰር ቦሪስ ኡቫሮቭ ናቸው። በማኅበር መጽሔት ላይ የነፍሳት ተመራማሪ ታሪክ ምን ያደርጋል የሚል ሊኖር ይችላል። ዩኒየናችን ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ የሚያቀርበው፣ አባሉም የሚለፋው ምርቱ ጎተራ እንዲገባ ነው። በአንድ ቀን ሊያጠፋው የሚችለውን ጠላት ማንነት ማወቅ ከዚሁ ሥራ የሚለይ አይመስለንም። በጽሑፉ ውስጥ ዓ.ም. ተብለው ከተጻፉት በቀር የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ እንገልጻለን።

የኡራልስክ ሜዳ ልጅ

ኡቫሮቭ የተወለዱት በ1886 በዚያን ጊዜው የሩሲያ ግዛት በኡራልስክ ከተማ ነው። ከተማዋ በኡራል ወንዝ ዳር የምትገኝ ስትሆን ዛሬ ኦራል ተብላ በካዛኽስታን ውስጥ ትገኛለች። አካባቢው ዛፍ የማይበዛበት፣ ሣር የለበሰ ሰፊ ሜዳ ነው። እንዲህ ያለ ሀገር ለከብት እንደሚመች ሁሉ ለፌንጣም ይመቻል። አባታቸው የባንክ ሠራተኛ ነበሩ። ልጃቸው ለተፈጥሮ ያላቸውን ፍላጎት ተመልክተው የጀርመናዊውን የአልፍሬድ ብሬምን ስለ እንስሳት ሕይወት የተጻፉ መጻሕፍት ሰጥተዋቸው እንደነበር ይነገራል።

ወጣቱ ኡቫሮቭ በሴንት ፒተርስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሥነ-ሕይወት አጥንተው በ1910 ተመረቁ። በዚያው ዓመት የተወለዱበትን የኡራልስክ ክፍለ ሀገር የፌንጣና የአንበጣ ወገን ነፍሳት የሚዘረዝር ጥናት አሳተሙ። ሥራው ሲነገር ቀላል ይመስላል። ሜዳ ለሜዳ እየዞሩ በመረብ መያዝ፣ የተያዘውን አድርቆ በቀጭን መርፌ መሰካት፣ ከሥሩ የተያዘበትን ቦታና ቀን በትንሽ ወረቀት መጻፍ፣ ከዚያ በማጉያ መነጽር ሥር የክንፉን ሥሮች፣ የደረቱን ጋሻ ቅርጽ፣ የኋላ እግሩን ርዝመት እየለኩ ይህ ከዚያ ይለያል፣ ይህ ደግሞ ያው ነው እያሉ መመደብ ነው። አንድ ሰው ይህን ለዓመታት ሲያደርግ ዓይኑ ይሠለጥናል። እረኛ ከመቶ በግ መካከል የራሱን እንደሚለይ ሁሉ እሱም ከሺህ ፌንጣ መካከል እንግዳውን ይለያል።

እንዲህ ያለውን ሥራ የቅንጦት አድርጎ የሚያይ ብዙ ነው። ነገር ግን አንድ የልማት ሠራተኛ ከቀበሌው ፌንጣ ታይቷል ብሎ ቢያሳውቅና አንበጣ ታይቷል ብሎ ቢያሳውቅ በወረዳው ላይ የሚከተለው እንቅስቃሴ አንድ አይደለም። ለመጀመሪያው ማሳን መቃኘት ሊበቃ ይችላል። ለሁለተኛው ተሽከርካሪ፣ ኬሚካል፣ አውሮፕላን፣ የጎረቤት ሀገር ወሬ ሁሉ ይፈለጋል። ስም መስጠት የመከላከሉ መጀመሪያ ነው። የኡቫሮቭ ሕይወት የሚያሳየውም ስሙ ሲሳሳት ምን ያህል እንደሚያስከፍል፣ ሲስተካከልም ምን ያህል እንደሚያቀል ነው።

ሁለት ስም የነበረው አንድ ፍጥረት

ኡቫሮቭ ከተመረቁ በኋላ መጀመሪያ የተሠማሩት በማዕከላዊ እስያ በሙርጋብ የጥጥ እርሻ ላይ ነው። በ1912 ደግሞ ከካውካሰስ ተራሮች በስተሰሜን ባለችው በስታቭሮፖል የነፍሳት ጥናት ቢሮ እንዲያቋቁሙና እንዲመሩ ተሾሙ። ስታቭሮፖል ስንዴ አምራች ሀገር ነው። በወንዞቹ ዳር የሚበቅለው ደንገልና ሸምበቆ ግን ለስደተኛው አንበጣ መራቢያ ነበር። በዚያ ዘመን የነበረው መከላከያ ቦይ ቆፍሮ ክንፍ ያላወጣውን ኩብኩባ እየነዱ መቅበር፣ መርዝ መርጨትና መርዝ የተለወሰ ፉርሽካ መበተን ነበር። ወጣቱ ባለሙያ ዘመቻውን መምራት ብቻ ሳይሆን የሚገደለውን ነፍሳት እያነሡ መመርመርም አላቋረጡም።

በዚያን ጊዜ በሳይንሱ ዓለም ተቀባይነት የነበረው ሐሳብ በአካባቢው ሁለት ዝርያዎች አሉ የሚል ነበር። አንደኛው በመንጋ የሚበረው ሎከስታ ሚግራቶሪያ ሲሆን ስዊድናዊው ካርል ሊኒየስ በ1758 የሰየመው ነው። ሁለተኛው ሎከስታ ዳኒካ ይባላል፤ እሱንም ሊኒየስ በ1767 ነው የሰየመው። ዳኒካ ብቻውን የሚኖር፣ አረንጓዴ ወይም ቡናማ መልክ ያለው፣ ማንም የማይፈራው ፌንጣ ነው። የሁለቱ ኩብኩባዎችም አይመሳሰሉም። የመንጋው ኩብኩባ ጥቁርና ብርቱካንማ ሲሆን ተሰብስቦ እንደ ሠራዊት ይሄዳል። የዳኒካው ኩብኩባ ሣር መስሎ በየፊናው ይሸሸጋል። የደረታቸው ጋሻ ቅርጽ ይለያያል። የክንፋቸው ርዝመት ከኋላ እግራቸው ርዝመት ጋር ሲነጻጸርም ልዩነት አለው። ስለዚህ ከ150 ዓመት በላይ በየቤተ መዘክሩ በተለያየ ሣጥን ውስጥ ሲቀመጡ ኖረዋል።

ኡቫሮቭን ያስቸገራቸው በሁለቱ መካከል የሚገኙት ነበሩ። በስታቭሮፖል ሜዳ ሚግራቶሪያ ነው እንዳይባል ያልሞላ፣ ዳኒካ ነው እንዳይባል ያለፈ ፍጥረት እየተገኘ ወደ የትኛውም ሣጥን ለማስገባት አልተቻለም። የመንጋው ቁጥር እየሳሳ ሲሄድም የልጅ ልጆቹ መልክ ወደ ዳኒካ ሲያደላ ተመለከቱ። በዚሁ ዘመን በታሽከንት ይሠራ የነበረው ቫሲሊ ፕሎትኒኮቭ የተባለ ሌላ ሩሲያዊ ባለሙያ አንበጦቹን በሽቦ ቤት ውስጥ እያረባ አንደኛው ወደ ሌላው እንደሚለወጥ ለብቻው ደርሶበት ነበር። ኡቫሮቭም የዚህን ሰው ድርሻ አልሸሸጉም፤ በጽሑፋቸው ውስጥ ጠቅሰውታል።

እዚህ ላይ አርሶ አደራችን የሚያውቀውን ነገር ማንሣት ይጠቅማል። ኩብኩባ አድጎ ክንፍ ሲያወጣ አንበጣ እንደሚሆን ለእኛ ገበሬ ማንም አላስተማረውም። አንድ ፍጥረት በዕድሜው ሁለት መልክ እንደሚኖረው ያውቃል። ኡቫሮቭ የደረሱበት ግን ከዚህ የራቀ ነው። ለውጡ በአንዱ አንበጣ ዕድሜ ውስጥ የሚያልቅ ሳይሆን ከአያት ወደ ልጅ ልጅ የሚሄድ፣ መንጋው ሲበተን ፌንጣ የሚመስል፣ ፌንጣው ሲበዛና ሲጨናነቅ ደግሞ መንጋ የሚሆን ነው። ስለዚህ ሰው መንጋው ጠፋ በሚልባቸው ዓመታት አንበጣው አልጠፋም፤ ፌንጣ መስሎ በእግሩ ሥር ነበር።

ከትብሊሲ ወደ ለንደን

ግኝቱ ወዲያውኑ አልታተመም። በ1914 የዓለም ጦርነት ተነሣ። ኡቫሮቭ በ1915 ወደ ጆርጂያ ዋና ከተማ ወደ ትብሊሲ ተዛውረው የሰብል ተባይ ቢሮ መሩ። ከዚያ አብዮቱ መጣና ግዛቲቱ ተበታተነች። ጆርጂያ ነጻነቷን ባወጀችበት ጊዜ በሀገሪቱ ቤተ መዘክር የነፍሳት ስብስብ ጠባቂ ሆኑ፤ በዩኒቨርሲቲውም አስተማሩ። ወቅቱ ለሁሉም ሰው አስቸጋሪ ነበር። ከጦርነቱ በኋላ የእንግሊዝ ጦር በአካባቢው በመገኘቱ ግን ከለንደን ጋር የመገናኘት ዕድል ተፈጠረላቸው፤ የብሪታንያ የነፍሳት ጥናት ቢሮ ኃላፊ የነበሩት ጋይ ማርሻል ሥራ ሰጧቸው። በ1920 ቤተሰባቸውን ይዘው ለንደን ገቡ።

የተሰጣቸው ሥራ ብዙ ሰው የሚሰለቸው ዓይነት ነበር። ከአፍሪካ፣ ከእስያና ከሌሎችም አህጉራት የእርሻ ባለሙያዎች የሚልኳቸውን የደረቁ ነፍሳት እየተቀበሉ ማንነታቸውን ለይቶ ስማቸውን ጽፎ መመለስ ነው። ሣጥን ይመጣል፣ ይከፈታል፣ ይመረመራል፣ መልስ ይጻፋል፤ ነገ ሌላ ሣጥን ይመጣል። ይህን ለዐሥር ዓመት ያህል ሠሩ። ከዚያ በኋላም ቢሆን ከመመደቡ ሥራ አልራቁም። በሕይወታቸው ዘመን ለሳይንስ አዲስ የሆኑ ወደ 900 የሚጠጉ ዝርያዎችን ስምና መግለጫ ሰጥተዋል።

በ1921 ያ ከስታቭሮፖል ጀምሮ ሲብላላ የቆየው ሐሳብ ታተመ። ጽሑፉ የሎከስታን ወገን እንደ ገና መመደብ የሚል ደረቅ ርእስ የያዘ ስለሆነ ከሙያው ውጪ ያለ ሰው ዓለምን የሚለውጥ ነገር አለበት ብሎ አይገምትም። በውስጡ ግን ሚግራቶሪያና ዳኒካ አንድ ዝርያ መሆናቸው፣ አንበጣ ሁለት ገጽታ እንዳለውና የአንበጣ ወረርሽኝ መጥቶ የሚሄድበት ምክንያትም ይኸው የገጽታ ለውጥ መሆኑ ተብራርቷል። አንደኛውን የብቸኝነት ገጽታ፣ ሁለተኛውን የመንጋ ገጽታ ልንለው እንችላለን። በደቡብ አፍሪካም ያኮቡስ ፎሬ የተባለ ተመራማሪ በራሱ ሀገር ቡናማ አንበጣ ላይ ተመሳሳይ ነገር አገኘ።

የእኛን ሀገር የሚመለከተው ቀጣዩ እርምጃ ነው። የበረሃ አንበጣ ሺስቶሰርካ ግሬጋሪያ ተብሎ ሲታወቅ ኖሯል። ከእሱ ጋር በአንድ አካባቢ የሚገኝ፣ ሺስቶሰርካ ፍላቪቬንትሪስ የተባለ፣ ለብቻው የሚኖር ገርጣ ያለ ፌንጣም ነበር። ኡቫሮቭ ከየሀገሩ የመጡትን እያነጻጸሩ ይህም የዚያው የበረሃ አንበጣ የብቸኝነት ገጽታ መሆኑን አሳዩ። በቀይ ባሕር ዳርቻ በዝናብ ጊዜ እዚህም እዚያም ቁጥቋጦ ሥር የሚታየው፣ ማንም ትኩረት የማይሰጠው ያ ፌንጣ ዝናቡ ከደጋገመና ሣሩ ከለመለመ በጥቂት ትውልድ ውስጥ ሰማይ የሚሸፍነው መንጋ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

ለውጡ እንዴት እንደሚመጣ ኡቫሮቭ ሙሉ በሙሉ ለማየት አልታደሉም። ዋናው ምክንያት መጨናነቅ መሆኑ በዘመናቸው ታውቋል። ሣሩ እየደረቀ ሲሄድ ተበታትነው የነበሩት በቀረችው ለምለም ቦታ ይሰበሰባሉ። ከእሳቸው ሞት በኋላ በተደረጉ ምርምሮች አንበጦች ሲጨናነቁ የኋላ እግሮቻቸው መነካካት ለውጡን እንደሚቀሰቅስ ተደርሶበታል። በ2009 ደግሞ በሰው አካልም ውስጥ የሚገኘው ሴሮቶኒን የተባለው ንጥረ ነገር በአንበጣው የነርቭ ሥርዓት ውስጥ ሲጨምር ብቸኛው አንበጣ በሰዓታት ውስጥ ወገኑን መፈለግ እንደሚጀምር ታውቋል። ጠባዩ በሰዓታት ይለወጣል፤ መልኩና ቅርጹ ግን እስኪለወጥ ጊዜ ይወስዳል።

ከማሳ ወደ ካርታ

አንድ ሰው የዝርያን ስም በማስተካከሉ አርሶ አደሩ ምን አተረፈ? ከዚህ በፊት ዘመቻው ሁሉ መንጋው ከመጣ በኋላ የሚደረግ ነበር። መንጋ ደግሞ አንዴ ከተነሣ በቀን እስከ 150 ኪሎ ሜትር ይጓዛል። በአንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ውስጥ እስከ 80 ሚሊዮን አንበጣ ሊኖር ይችላል፤ ያ ብቻውን በአንድ ቀን 35 ሺህ ሰው የሚበላውን ያህል ይበላል። ይህን ማሳ ላይ ቆሞ መመለስ አይቻልም። ኡቫሮቭ ግን አንበጣው ሁልጊዜም አለ ካልን፣ መንጋ ከመሆኑ በፊት የሚቀመጥበትን ቦታ ፈልገን እዚያው ልንይዘው ይገባል አሉ። ሐሳቡ ዛሬ ግልጽ ይመስላል። ያኔ ግን ቦታው የት እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም።

በ1920ዎቹ መጨረሻ አፍሪካና ምዕራብ እስያ በአንበጣ ተወረሩ። በ1929 የእንግሊዝ መንግሥት ጉዳዩን እንዲያጠኑ ለኡቫሮቭ ኃላፊነት ሰጠ። የተሰጣቸው የሰው ኃይል ከአንድ ረዳት አይበልጥም ነበር። ረዳቷ ዚና ዋሎፍ ትባላለች፤ እሷም ኋላ በበረሃ አንበጣ እንቅስቃሴ ጥናት ታላቅ ስም ያተረፈች ተመራማሪ ሆናለች። ሥራቸው ይህ ነበር፦ አንበጣ ያየ ባለሥልጣን ሁሉ ያየበትን ቦታ፣ ቀን፣ የአንበጣውን ዓይነትና አቅጣጫ ጽፎ ይልካል፤ እነሱ በለንደን ሆነው በካርታ ላይ ያሰፍራሉ። አንድ ቀበሌ ያየው ብቻውን ወሬ ነው። የመቶ ቀበሌ ወሬ በአንድ ካርታ ላይ ሲሰፍር ግን መንጋው ከየት እንደ ተነሣና በየትኛው ወር ወዴት እንደሚሄድ መታየት ጀመረ።

ካርታው ፍሬ አፈራ። በ1928 ተነሥቶ አብዛኛውን የአፍሪካ ክፍል ያዳረሰው የአፍሪካ ስደተኛ አንበጣ መነሻው በማሊ የኒጀር ወንዝ በየዓመቱ የሚያጥለቀልቀው ሜዳ መሆኑ ተረጋገጠ። የቀዩ አንበጣ መነሻ ደግሞ በታንዛኒያ የሩክዋ ሸለቆና በዛምቢያ የምዌሩ ዋንቲፓ ረግረግ ተገኘ። ሁለቱም ከአፍሪካ ስፋት ጋር ሲነጻጸሩ ጠባብ ቦታዎች ናቸው። እዚያ ጠባቂ ቢቀመጥ ግማሽ አህጉር ያርፋል። በቀጣዮቹ ዓመታትም መንግሥታት በጋራ ተዋጥተው በእነዚህ ቦታዎች ላይ ቋሚ ጠባቂ ድርጅት አቋቋሙ።

የበረሃ አንበጣ ግን በዚህ አልተያዘም። ኡቫሮቭና ባልደረቦቻቸው ቢፈልጉም ለእሱ አንድ ቋሚ መነሻ ቦታ አላገኙም። መንጋ በሌለበት ጊዜ እንኳ ከምዕራብ አፍሪካ እስከ ሕንድ ድረስ 16 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በሚሆን ደረቅ ምድር ላይ ተበትኖ ዝናብ የጣለበትን እየተከተለ ይኖራል። በአሸዋ ውስጥ ከ10 እስከ 15 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ዕንቁላሉን ይጥላል። ዛሬ በሱዳን የጣለ ዝናብ ነገ በየመን ይጥላል፤ እሱም ይከተላል። ስለዚህ የበረሃ አንበጣን ለመቆጣጠር የሚቻለው አንድን ቦታ በመጠበቅ ሳይሆን ወሬ በመለዋወጥ ብቻ ነው። ከጎረቤቶቹ አንዱ ዝም ካለ ሌላው ይበላል። በእኛ አስተያየት ከኡቫሮቭ ሥራ ሁሉ ለዛሬ ባለሥልጣን እጅግ የሚጠቅመው ይህ ክፍል ነው። በ2011 እና በ2012 ዓ.ም. ለደረሰው ጥፋት አንዱ ምክንያት በ2018 ሁለት ማዕበሎች በዓረብ ምድር በረሃ ላይ ያዘነቡት ዝናብ አንበጣውን ማንም በማይደርስበት ቦታ ማባዛቱ፣ ከዚያም በየመን በነበረው ጦርነት ክትትሉ መዳከሙ ነው።

መንግሥታት እንዲተባበሩ ማድረግ ፌንጣ ከመመደብ የሚከብድ ሥራ ነበር። በ1931 በሮም፣ በ1932 በፓሪስ፣ በ1934 በለንደን፣ በ1936 በካይሮ፣ በ1938 በብራስልስ ዓለም አቀፍ የአንበጣ ጉባኤዎች ተካሄዱ። በቅኝ ግዛት የሚፎካከሩ፣ ለጦርነት የሚዘጋጁ መንግሥታት ባለሙያዎች በአንበጣ ጉዳይ ግን በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠው የለንደኑ ማዕከል የሁሉም የመረጃ ማዕከል እንዲሆን ተስማሙ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም በመካከለኛው ምሥራቅና በምሥራቅ አፍሪካ የምግብ እጥረት እንዳይደርስ ሰፊ የአንበጣ ዘመቻ ሲካሄድ ምክሩ የሚወጣው ከዚያው ነበር። በ1945 ክፍሉ የፀረ-አንበጣ ምርምር ማዕከል ተብሎ ተቋቋመ። ኡቫሮቭም እስከ 1959 ድረስ በዳይሬክተርነት መሩት።

ኢትዮጵያና ኡቫሮቭ

ኡቫሮቭ ከሀገራችን ነፍሳት ጋር የተዋወቁት በሣጥን ነው። በ1926 እና በ1927 ሂዩ ስኮትና ኦመር-ኩፐር የተባሉ እንግሊዛውያን ተመራማሪዎች በአዲስ አበባ ዙሪያ፣ በጀምጀም ጫካ፣ በዝቋላና በጭላሎ ተራሮች እየዞሩ ነፍሳት ሰበሰቡ። ከስብስቡ የፌንጣና የአንበጣው ወገን ለኡቫሮቭ ተላከ። እሳቸውም መርምረው በ1934 የኢትዮጵያን ደጋ የፌንጣ ወገኖች የሚገልጽ ጽሑፍ አሳተሙ። የደጋችን ነፍሳት ብዙዎቹ ከዚህ ሀገር በቀር በሌላ ቦታ የማይገኙ በመሆናቸው እንዲህ ያለ ዝርዝር ዛሬም መነሻ ሆኖ ያገለግላል።

የአንበጣው ጉዳይ ግን በሣጥን የሚያበቃ አልነበረም። በ1958፣ እንደ እኛ አቆጣጠር በ1950 እና በ1951 ዓ.ም.፣ በኢትዮጵያ ላይ የወረደው የበረሃ አንበጣ 167 ሺህ ቶን እህል አጥፍቷል። ይህ አንድ ሚሊዮን ሰው ለአንድ ዓመት ሊመግብ ይችል የነበረ ነው። ያን ጊዜ የነበሩ አባቶች ዘመኑን በዚሁ ስም ያስታውሱታል። ከአራት ዓመት በኋላ በ1962 የምሥራቅ አፍሪካ የበረሃ አንበጣ መከላከያ ድርጅት የተቋቋመበት ስምምነት የተፈረመው በአዲስ አበባ ነው፤ ኢትዮጵያም ከመሥራቾቹ አንዷ ናት። አባል ሀገሮች እያዋጡ አውሮፕላንና ባለሙያ በጋራ የሚያሠማሩበት ይህ አሠራር ኡቫሮቭ ለሠላሳ ዓመት ሲወተውቱለት የነበረው ነው።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

ኡቫሮቭ በ1950 የብሪታንያ የሳይንስ አካዳሚ የሆነው የሮያል ሶሳይቲ አባል ሆኑ። በ1961 ደግሞ የሰርነት ማዕረግ ተሰጣቸው። ከዳይሬክተርነት ቢወጡም ከቢሮው አልወጡም። በ1928 አንበጣንና ፌንጣን የሚመለከት መጽሐፍ አሳትመው ነበር። በአርባ ዓመት ውስጥ የተከማቸው ዕውቀት መጽሐፉን አሮጌ ስላደረገው ከጡረታ በኋላ እንደ አዲስ በሁለት ቅጽ ለመጻፍ ተነሡ። የመጀመሪያው ቅጽ በ1966 ወጣ። ሁለተኛውን ሳይጨርሱ በመጋቢት ወር 1970 በ83 ዓመታቸው በለንደን አረፉ። በሕይወት ዘመናቸው ከ400 በላይ ጽሑፎችን አሳትመዋል።

ቀድሞ በለንደኑ ማዕከል ሲሠራ የነበረው የበረሃ አንበጣ የመረጃ አገልግሎት በ1978 ወደ ሮም ተዛውሮ በምግብና እርሻ ድርጅት ሥር ሆነ። በ2012 ዓ.ም. የወረዳና የቀበሌ ባለሙያዎች በተንቀሳቃሽ ስልክ የላኩት የአንበጣ መረጃ የሚደርሰው ወደዚሁ ነበር። ዛሬ ካርታው በሳተላይት ይሠራል። የሚጠየቀው ጥያቄ ግን ያው ነው። የት፣ መቼ፣ ኩብኩባ ነው ወይስ ክንፍ ያወጣ፣ ተበትኖ ነው ወይስ ተሰብስቦ? የመጨረሻው ጥያቄ ኡቫሮቭ በ1921 የጨመሩት ነው።

የጀመሩት ሁለተኛ ቅጽ በባልደረቦቻቸው ተጠናቅቆ በ1977 ታተመ። በዚያው ዓመት በለንደን የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር ይሠራ የነበረው ዴቪድ ራግ ከኢትዮጵያ የመጣ አንድ ክንፈ አጭር ነፍሳት መርምሮ ዴክቲኮይዲስ ብሬቪፔኒስ የሚል ሳይንሳዊ ስም ሰጠው። ይህ የወሎ ጤፍ አምራች ከሳይንሱ ቀድሞ ደገዛ እያለ የሚያውቀው፣ ጤፍ እሸት ሲሆን እየወጣ ዛላውን የሚበላው ተባይ ነው።